ኮንጎ ጫማ የሚጎትተው ቡችላ

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፤ ጠዋት ጉም ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ልጄ አንሙት በሬዎቹን ፈትቶ ወደ እኔ ቤት መጣ። የእግሩን ጭቃ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጠረገና ገብቶ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ስለ ትርንጎ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ» አለ። ትርንጎ የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ ዘንድሮ ነው ትምህርት ቤት የገባችው።

«ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ። ችግሩ እሱ ነው፤ አትናገርም። ምን ጎደለሽ ስላት ዝም፣ ምን ፈለግሽ ስላት ዝም። ጥፋት ግን ታበዛለች። ስቆጣት ታለቅሳለች፤ ማግስቱን እዚያው ጥፋት ላይ አገኛታለሁ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከተማ ወደ አክስቷ ልልካት አስቤአለሁ። ምናልባት እዚያ አፏን ትፈታ ይሆናል። እርስዎ ምን ይላሉ? ልጅ የሆዱን እንዲናገር የሚደረገው እንዴት ነው?»

«ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥ» አልኩት። ከዚያም ይህን ነገርኩት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ማሳው ጫካ ዳር ላይ ነው፤ በቆሎና ድንች ይዘራበታል። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው መንጋውን ይዞ ይወርዳል። ማሳውን የሚጠብቅ ውሻ የሌለው ሰው አገዳ እንጂ በቆሎ አይሰበስብም። የዚህ ሰው ውሻ አርጅቶ ሞተበት። ስለዚህ ከወንዝ ማዶ ካለ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ አንድ ቡችላ ለመነ። የቡችላው እናት ዝንጀሮ በማባረር የታወቀች ውሻ ናት። ወዳጁም ሰጠው። ቡችላው ጥቁር ነው፤ ከጆሮው በቀር ምንም ትልቅ ነገር የለውም። ሰውየው በጋቢው ውስጥ ጠቅልሎ ወንዙን አሻገረው።

ወራቱ ክረምት ነው። ውጭ እንዳይተዉት ጅብ አለ፣ ብርድም አለ። እስኪጠነክር ድረስ ቤት ውስጥ ይቆይ ተባለ።

የሰውየው ሚስት ቤቷን የምታከብር ሴት ናት። ወለሏን በእበት ለቅልቃ ስትጨርስ ሰው እግሩን ለማሳረፍ ይፈራል። በዚያ ላይ ለሐምሌ ሚካኤል ማኅበር የማውጣት ተራው የእነሱ ነበር። ቡችላው በገባበት ቀን ምሰሶው ሥር ሸና። በማግስቱ መደቡ ሥር ሸና። ሴትየዋ እንደገና ለቀለቀች። እንደገና ሸና።

«ስማኝ» አለችው ባሏን። «እኔ ውሻ አልጠላሁም። ግን ማኅበርተኛ ሽንት ላይ አላስቀምጥም። ወይ ደጅ መውጣት ይማር፣ ወይ የሰጠህ ወዳጅህ ለማኅበሩ ይመጣ የለ፣ ያኔ ይዞት ይመለስ።»

«እሱ ከተመለሰ በቆሎውም አብሮት ሄደ ማለት ነው።»

«ታዲያ አስተምረዋ! ተማሪህ ይኸው።»

ሰውየው ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ቡችላውን ግን ወዶታል። ይህንም ለማንም አልተናገረም፤ ሚስቱ ያወቀችው የወተቱን ቅል ጎድሎ ስታገኘው ነው።

አስቦ አስቦ አንድ ነገር ቆረጠ። ውሻ ነው፣ ይጩህ አለ። መውጣት ሲፈልግ በሩ ላይ ቆሞ ይጩህ፣ እኔም እከፍትለታለሁ። ጠበቀው። ቡችላው አይጮህም። ይበላል፣ ይተኛል፣ የሰውየውን ተረከዝ እየተከተለ ቤቱን ይዞራል፤ ድምፅ ግን የለውም። እንግዲያው ማሳየት ነው አለና ሰውየው በሩ ፊት በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። በሩን በጥፍሩ ቧጠጠ። «ው! ው! ው!» አለ።

ቡችላው ቁጭ ብሎ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘነበለና አየው።

«ው! ው! ው!»

ቡችላው አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ።

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ወደ ጓዳ ሸሸች። በዚህ መካከል ጎረቤት ማረሻ ሊዋስ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«እናንተ ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። «ውሻ ያዙልኝ፣ ልገባ ነው! ድምፁ ትልቅ ነው!»

«ግባ፣ አይናከስም!» አለች ሴትየዋ ከጓዳ። «ባሌ ነው!»

ጎረቤቱ በሩን ከፍቶ ሲያይ ሰውየው ገና አልተነሣም። ቡችላውም ገና ቁጭ ብሎ ያየዋል። ጎረቤቱ ማረሻውን ረስቶ መቃኑን ይዞ ሳቀ።

«ወንድሜ» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት፤ «ቡችላውን ለባለቤቱ መልስ። በዚህ ድምፅ በቆሎውን ራስህ ብትጠብቀው ይሻላል።»

ሰውየው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ማረሻውን አውጥቶ ሰጠው። አልሳቀም። ነገር ግን ትምህርቱን አልተወም። ከእርሻ በተመለሰ ቁጥር በሩ ፊት ይንበረከካል፣ ይጮሃል፤ ቡችላውም አንገቱን ያዘነብላል። የመንደሩ ሰው በዚያ አጥር ሥር ሲያልፍ እርምጃውን ቀስ ማድረግ ጀመረ።

ያን ጊዜ ኮንጎ የሚባለውን የፕላስቲክ ጫማ የማይጫማ ገበሬ አልነበረም። ሰውየውም ከጭቃ ሲመለስ ኮንጎውን በሩ ሥር ያወልቃል፤ ሲወጣ ደግሞ እዚያው ያጠልቀዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቡችላው አንዱን ኮንጎ በማሰሪያው ነክሶ፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ እየወደቀ እየተነሣ ጎትቶ እግሩ ሥር ጣለው።

«ሌባ!» አለ ሰውየው። ጫማ ሊያኝክ መስሎታል። በጭራሮ ቸብ አደረገውና ጫማውን መለሰ። ቡችላው ሄዶ እንደገና አመጣው። እንደገና ቸብ። ሰውየው በመጨረሻ ሁለቱንም ኮንጎ ግድግዳው ላይ ካለው እንጨት ሰቀላቸው። ቡችላው ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ዘለለ። አልደረሰበትም። በጥፍሩ ግድግዳውን እየቧጠጠ እንደገና ዘለለ።

«ኸረ ግድግዳዬን!» ብላ ሴትየዋ ጮኸች። «ልስኑን አራገፈው!»

እዚያም ቸብ ተደረገ። ቡችላው ጆሮውን ጥሎ ቤቱን አንዴ ዞረ። ከዚያ ምሰሶው ሥር ሄዶ ሸና። ለዚህም ቸብ ተደረገ።

ከዚያ ወዲያ የየዕለቱ ነገር ይኸው ሆነ። ኮንጎው ወርዶ ሲያገኘው ይጎትታል፤ ተሰቅሎ ሲያገኘው ግድግዳ ይቧጥጣል፤ በስተመጨረሻ ምሰሶው ሥር ይሄዳል። ሰውየው ሲያዝን ለጎረቤቱ እንዲህ አለው፦

«ሌባ ነው። ግድግዳ አፍራሽ ነው። ቤት አበላሺ ነው። ገና ጥርሱን እንኳ በቅጡ ያላበቀለ፣ ይህን ሁሉ ክፋት ከየት ተማረው?»

«አስተማሪው ጥሩ ነዋ» አለው ጎረቤቱ።

ሐምሌ ሚካኤል ደረሰ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ሴትየዋ ወለሉን ለቅልቃ ቄጠማ ጎዝጉዛበታለች። ማኅበርተኛው እየመጣ የጭቃ ጫማውን በሩ ሥር እያወለቀ ገባ። የሁሉም ኮንጎ ነው፤ እዚያው ተከመረ። ከወንዝ ማዶ ያለው ወዳጅም መጣ። ሴትየዋ ልካበት ስለነበር ክዳን ያለው ቅርጫት ይዟል።

«እንዳላችሁኝ ይዤው ልመለስ ነው» አለ ቅርጫቱን ግድግዳ ሥር እያስቀመጠ።

ሴትየዋ ወደ እሳቱ ዞረች። ቡችላው በገመድ ታስሮ ጓዳ ውስጥ ነው። በቅርጫቱና በእሱ መካከል የቀረው የአንድ ማኅበር ጊዜ ብቻ ነው።

በእኛ አገር የማኅበሩን አዛዥ ሙሴ ብለን እንጠራዋለን። የዚያ ማኅበር ሙሴ ግዙፍ ሽማግሌ ነው፤ መብላትና መቀለድ ይወዳል። መጨረሻ ላይ የገባው እሱ ስለሆነ ጫማው ከክምሩ ፊት ነበር። ለክብሩ ተብሎ በቤቱ ጌታ መቀመጫ፣ መደቡ ራስጌ ላይ አስቀመጡት። ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ሙሴው አንዱን ዋንጫ ጨርሶ ሁለተኛውን እንደያዘ ቡችላው የታኘከ የገመድ ቁራጭ ከአንገቱ አንጠልጥሎ ከጓዳ ወጣ።

የጌታውን ኮንጎ ቀና ብሎ አየው። ተሰቅሏል። ወደ በሩ ሄደ። ከክምሩ ፊት ያለውን ትልቁን ኮንጎ በማሰሪያው ነከሰ። በቄጠማው ላይ፣ በማኅበርተኛው እግር መካከል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ጎተተው። ጌታው ዘወትር ከሚቀመጥበት ቦታ ሲደርስ በሙሴው እግር ላይ ጣለውና ቁጭ አለ።

ሙሴው ጫማውን አየ። የያዘውን ዋንጫ አየ። ከዚያ ሴትየዋን አየ።

«እመቤት» አለ፤ «ጠላው አልቆብሽ ከሆነ በአፍሽ አትነግሪኝም? ጫማዬን በውሻ ትልኪብኛለሽ?»

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሴትየዋ «ኸረ በሚካኤል!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። በእኛ ዘንድ የእንግዳን ጫማ ፊቱ አምጥቶ ማኖር ተነሥተህ ሂድ ማለት ነውና ነውሩ ትልቅ ነው። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። ጭራሮውን አነሣ።

«ተወው፣ ተወው» አለ ሙሴው እጁን ዘርግቶ። «ሰው ቢያባርረኝ ተሟግቼ እቀመጥ ነበር። ውሻ ካባረረኝ በኋላ ምን ክብር ቀረኝ? እሄዳለሁ!» በቀልድ አንዱን እግሩን ኮንጎው ውስጥ ከተተ። ምርኩዙን አነሣ። «የቀረውን ጠላ ለዚህ ለውሻችሁ ስጡት፤ የማኅበሩ ሙሴ ከእንግዲህ እሱ ነው» አለና በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶ እያነከሰ ሄዶ በሩን ከፈተ።

ቡችላው በእግሩ መካከል ሾልኮ ወጣ። በዝናቡ ውስጥ እስከ አጥሩ ሮጠ። አጥሩ ሥር ዝቅ ብሎ ሸና፤ ብዙ ሸና። ጨርሶ ውኃውን ከላዩ አራገፈና ተመልሶ ገባ። በሙሴው እግር አጠገብ አልፎ፣ ማንም ሳያዘው፣ እሳቱ ዳር ተጠቅልሎ ተኛ።

ሙሴው በሩን እንደያዘ ቆሟል።

«እኔን አይደለም ለካ ያባረረው» አለ። «ራሱ መውጣት ፈልጎ ኖሯል። መልሱልኝ እንጂ ዋንጫዬን!»

እንደገና ተሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ጭራሮውን እንደያዘ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ኮንጎ አየ። ከኮንጎው በታች ያለውን የጥፍር ጭረት አየ። ምሰሶውን አየ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። በዚህ ቤት ሰው ጫማ ሲያጠልቅ በር ይከፈታል። ቡችላው ያየው ይህን ነው። ስለዚህ መውጣት ሲያሰኘው ጫማ አመጣ። ጫማው ሲሰቀልበት ሊያወርደው ዘለለ። ሁሉም እምቢ ሲለው እዚያው ሸና። ሰውየው እንደ ሦስት ጥፋት ቆጥሮ የቀጣው አንዱን ልመና ኖሯል። ምልክት አስተምረዋለሁ ብሎ ተንበርክኮ ሲጮህ፣ ምልክቱ እግሩ ሥር ሲወድቅ ነበር።

ጭራሮውን እሳት ውስጥ ጨመረው። ኮንጎውን ከተሰቀለበት አውርዶ በሩ ሥር አኖረው። ከዚያ ወደ ወዳጁ ዞረ።

«ቅርጫትህን ባዶውን ይዘህ ተመለስ» አለው።

«ባዶውንማ አይሄድም» አለች ሚስቱ፤ ድንች ሞልታ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ቡችላው ኮንጎ ባመጣ ቁጥር ሰውየው ያጠልቃል፣ በሩን ይከፍታል። ምሳ ላይም ቢሆን ጉርሻውን ትቶ ይነሣል። ምሰሶው ሥር ደረቀ። ጎረቤቱ ሊቀልድ መጥቶ «እህስ፣ ተማሪህ ተማረ?» ብሎ ሲጠይቅ ሚስቱ ቀደመች።

«ውሻውማ ድሮም ያውቅ ነበር» አለች። «የተማረው ባሌ ነው። ድሮ ምሳ ላይ ከተቀመጠ ጣሪያው ቢወርድም አይነሣም ነበር።»

በዚህ ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ጎረቤቱ ያየው የመጀመሪያው ነው ይባላል። መስከረም ላይ ዝንጀሮው ወደ በቆሎው ሲወርድ ውሻው ገና ጎረምሳ ነበር። ማንም ሳያስተምረው ጮኸ፤ ድምፁ እስከ ማዶ ተሰማ። በቆሎውም ቤት ገባ።

ነገሬን ጨረስኩ። አንሙት ቀና አለ።

«አባባ፣ ልጄን ከውሻ ጋር አወዳደሯት?»

«እሷን ከማንም አላወዳደርኩም። አንተን ነው ከሰውየው ጋር ያወዳደርኩ።»

አንገቱን ደፋ፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅሁና እንዲህ አልኩት፦

«ሰውየው ቡችላው እንዲጮህለት ፈለገ፤ ሌላ ነገር ቢያመጣለት ጥፋት ነው አለ። አንተም ትርንጎ ፊትህ ቆማ፣ አባቴ ይህ ይህ ጎደለኝ እንድትልህ ትፈልጋለህ። እሷ እንዲህ ማለት አልቻለችም። ነገር ግን ዝም አላለችም። የምታመጣውን አይተህ እንደሆነ ንገረኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጣሃት በምንድን ነው?»

«በምራኑ ነዋ» አለ። «ይኸው ሰሞኑን ጠዋት በሬዎቹን ላወጣ ስል ምራኑን ትደብቅብኛለች። ሞፈሩን ከቀንበሩ የማስርበት አጥቼ ስፈልግ ፀሐይ ይወጣል። ከጎታው ኋላ አገኘዋለሁ፣ ከከብቱ ገለባ ሥር አገኘዋለሁ።»

«ዘወትር ነው የምትደብቀው?»

«ዘወትር ነው። ትናንት ብቻ አልደበቀችም። ትናንት መምህራኑ ስብሰባ አላቸው ተብሎ ትምህርት አልነበረም…» አለና ቆመ።

«ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንዙን ማን ያሻግራታል?»

«እናቷ ነበረች። አሁን አራስ ናት፣ አትወጣም። ብቻዋን ትሻገራለች። ድንጋይ በድንጋይ ነው እኮ የሚረገጠው፣ ውኃው…» ይህን ብሎ ወደ ደጅ ተመለከተ። ዝናቡ እየበረታ ነበር።

«ያለ ምራን አትጠምድም» አልኩት። «ካልጠመድክ ደግሞ እሷ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ቤት ትገኛለህ። ልጅህ በየጠዋቱ እግርህ ሥር ጫማ ትጥላለች፣ አንተ ሌባ ትላታለህ። የሆዷን እንዴት ላናግራት ብለህ ጠየቅከኝ። ተናግራለች፤ የቀረው ያንተ መነሣት ነው።»

አንሙት ተነሣ። ዝናቡ አላባራም፤ እስኪያባራም አልጠበቀም። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «ከተማ አልልካትም» አለኝና ወጣ።

በማግስቱ ያደረገውን ራሱ ነው የነገረኝ። ጠዋት ሲነሣ ምራኑ የለም። አልፈለገውም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ትርንጎ ደብተሯን ይዛ ወጣችና ተቀምጦ ስታገኘው ደንግጣ ቆመች።

«ነይ» አላት። «ወንዙ ድረስ አብረን እንሂድ።»

ልጅቱ ሮጣ ወደ ቤት ገባች፤ ምራኑን ከእናቷ አልጋ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ምራኑን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና መንገድ ጀመሩ። እሷም ከቤት እስከ ወንዙ፣ ስለ መምህሯና ስለ ጓደኞቿ ስታወራ አፏን አልዘጋችም። ውኃው ሞልቶ ድንጋዮቹን ሸፍኗል። አንሙት ሱሪውን ሰበሰበ፤ አዘላትና ተሻገረ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረዳት። ከዚያ ተመልሶ በሬዎቹን ጠመደ።